ተናጋሪው እኔ፣ የምትታመነው ሚስቴ

ቅናት ዓይነቱ ብዙ ነው። ሌላ ወንድ ሚስቱን ቀና ብሎ ባያት ቁጥር ሻዩ የሚመርረው ባል አለ። ጎረቤቷ አዲስ መጋረጃ በሰቀለች ማግስት የራሷን መጋረጃ መጥላት የምትጀምር ሴት አለች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ሦስት ደንበኛ ሲያስገባ «ሁለቱማ ዘመዶቹ ናቸው» ብሎ ራሱን የሚያጽናና ነጋዴም አለ፤ ይህን የመጨረሻውን በቅርብ ስለማውቀው ስሙን ባልጠራው ይሻለኛል። እነዚህ ሁሉ የታወቁ፣ ሰው ሲያወራቸው የማያፍርባቸው ቅናቶች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው የሚመክር ሽማግሌ አይጠፋም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በገዛ ሱቁ ውስጥ፣ በገዛ ደንበኞቹ ፊት፣ በገዛ ሚስቱ ላይ የሚቀና ሰው ለማን አቤት ይበል? ሽማግሌ ሰብስቦስ ምን ሊላቸው ነው? «ሚስቴን ሰው ያምናታል፤ ገላግሉኝ» ይበላቸው?

ሰውዬው እኔ ነኝ። ደምሴ እባላለሁ። ጁባ ውስጥ፣ ወደ ጉዴሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ፍራሽ እሸጣለሁ። እሸጣለሁ ስል እንሸጣለን ማለቴ ነው፤ እኔና ባለቤቴ ወይንሸት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ (መቼም ጉዳዩ ስለ እውነት ነውና ቶሎ ብጀምረው ይሻለኛል) እሷ ትሸጣለች፤ እኔ እናገራለሁ።

መናገር ሙያዬ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ማስታወቂያ እጽፍ ነበር። የልብስ ሳሙናውንም፣ የቋንቋ ትምህርት ቤቱንም፣ የጥርስ ሐኪሙንም «ተወዳዳሪ የሌለው» ብዬ አሳልፌያለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት የጥርስ ሐኪሞች በአንድ ሳምንት ተወዳዳሪ የሌላቸው ሆነው ተገኙና ሁለቱም እኔን ሊደበድቡ መጡ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ልምድ ይዤ ጁባ ስገባ፣ ሱቁ ሲከፈት «ማስታወቂያውን ለእኔ ተዪልኝ» አልኳት። ከበሩ በላይ ያሰቀልኩት ባነር በእንግሊዝኛና በአረብኛ ሦስት ነገር ይናገራል፦ አስር ዓመት ዋስትና አለው፣ የጀርባ ሕመም ያጠፋል፣ በሐኪም የተመሰከረለት ነው። የአስር ዓመቱን ዋስትና ስጽፍ ሱቁ ከተከፈተ አስር ቀኑ ነበር። ስለ ሐኪሙ ግን እንዳታሙኝ። ሐኪም አለ። ቡሉክ ሰፈር የሚኖር ወዳጄ ነው፤ ከብት ያክማል። አንድ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና «አይከፋም» አለ።

ወይንሸት ባነሩን ሽቅብ እያየች አንብባ ስትጨርስ፣

«አንተ ደምሴ፣ ይሄን ማን ሊያምን ነው?» አለችኝ።

«ማስታወቂያ እኮ ነው። ሰው እንዲገባ ነው የሚጻፈው።»

«ገብቶስ?»

«ገብቶስ» የሚለው ጥያቄ የእኔን ክፍል አይመለከትም።

ሃይማኖተኛ ስለሆነች ነው ብላችሁ እንዳትገላገሉ፣ ሁለታችንም የምንሳለመው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በጾሙማ እንዲያውም እኔ እበልጣታለሁ። አስተዳደጓ ነው እንዳልል እህቷን አውቃታለሁ። ወይንሸት እንዲያው በተፈጥሮዋ ያልሆነውን ሆነ ማለት አፏ ላይ አይመጣላትም። የሠርጋችን ዕለት፣ አጃቢው ሁሉ እያጨበጨበ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ሱፉ እንዴት ነው?» ብላት «ትከሻው ሰፍቶሃል» ያለችኝ ሴት ናት።

የእኔ መከራ የጀመረው አንድ ጠዋት ደልደል ያለች፣ ቢሮ የምትሠራ የአገሩ ሴት ወደ ሱቃችን ስትገባ ነው። ወፍራሙን፣ ለስላሳውን፣ ውዱን ፍራሽ አወረድኩላት። በተሰባበረ የጁባ አረብኛዬ ደመና ላይ እንደምትተኛ ነገርኳት። ስለ ሐኪሙም ነገርኳት። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። በዚህ መሃል ወይንሸት ከጓዳ ወጣች፤ ፍራሹን በቡጢዋ ጫን አደረገችው፤ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ማማ፣ ይሄ ላንቺ አይሆንም» አለቻት። «ለቀጭን ሰው ነው። አንቺ ስትተኚበት ስድስት ወር ሳይሞላው መሃሉ ይጎደጉዳል፤ ወገብሽን ያምሻል። ያንን ስሱንና ጠንካራውን ውሰጂ። ዋጋውም ይቀንስልሻል።»

ሴትዮዋ ወይንሸትን አየች። እኔን አየች። እንደገና ወይንሸትን አየች። ስሱን ፍራሽ አስጭና ሄደች። እኔ ሚስቴን እስከ ምሳ ሰዓት አላናገርኳትም።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ከእህቷ ጋር ተመልሳ መጣች። ከዚያ የእህቷ ጎረቤት መጣች። ከዚያ ቢሮው በሙሉ ፍራሽ የሌለው ይመስል አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር። ሁሉም በሩ ላይ ይቆሙና በእኔ ራስ ላይ አሻግረው ወደ ውስጥ ያያሉ። (አጭር ሰው አይደለሁም፤ የዚህ አገር ሰው ግን በማንም ራስ ላይ አሻግሮ ማየት አይቸግረውም።) ከዚያ ይጠይቃሉ።

«ማማ ፊ?»

ማማ አለች ወይ ማለታቸው ነው።

«ማማ ማፊ» እላለሁ፤ የለችም። «ግን እኔ አለሁ!»

«ቡክራ» ይሉኛል። ነገ እንመለሳለን። እኔ መኖሬ እንደ መረጃ እንኳ አልተቆጠረልኝም።

መጀመሪያ ቃር መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ስሙን አወቅሁት፤ ቅናት ነው። ወንበሬን ከባንኮኒው ጀርባ አንስቼ በሩ ላይ አደረግሁት፤ ሰው ሲገባ መጀመሪያ እኔን እንዲያገኝ። ያገኘኛል፤ ዞሮኝ ይገባል። ቀጥሎ ለጤናዋ ያሰብኩ መስዬ «ሙቀቱ በርትቷል፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ዕረፊ» ማለት ጀመርኩ። እሷ አረፈች። እኔና ፍራሾቹ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ተፋጠጥን።

በመጨረሻ «እሷ የምታደርገውን ማድረግ ነው» አልኩ። እውነት መናገር ምን ይከብዳል? አንድ ጎልማሳ ሲገባ ፊቴን ኮስተር፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ልክ እንደ እሷ ፍራሹን በቡጢ እየተጫንኩ «ወንድሜ፣ ይሄ ፍራሽ ያን ያህልም ጥሩ አይደለም» አልኩት። ሰውዬው ፍራሹን አየ። እኔን አየ። «ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?» ብሎኝ ወጣ። አሳዛኙ ነገር ምን መሰላችሁ? ፍራሹ ጥሩ ነበር። እውነተኛ ለመምሰል ብዬ የምስኪን ፍራሽ ስም አጠፋሁ።

ጋትዌች የመጣው ይኼኔ ነው። ጋምቤላ ያደገ፣ አዲስ አበባ የተማረ፣ በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። ጎንበስ ካላለ በበራችን የማይገባ፣ ረጅም፣ መልከ መልካም። ይህን ሁሉ መናገሬ ፍርዱን ለእናንተ ልተው ብዬ ነው። ሎሎጎ ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ እያሠራ ስለነበር ሃያ አራት ፍራሽ ይፈልጋል። ሃያ አራት! ብድግ ብዬ ተቀበልኩት። ስለ ደመናው፣ ስለ ወገብ፣ ስለ አስር ዓመቱ ሳልታክት አወራሁለት። ጨዋ ሰው ነው፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ፣

«ወንድሜ፣ እህት ወይንሸት የምትሠራው እዚህ ነው?» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይደዋወሉ ጀመር። ጠዋት ስልኳ ይጮሃል፣ ጋትዌች። ሽሮ እያማሰለች ስልኳ ይጮሃል፣ ጋትዌች። «ምንድነው ይሄን ያህል የምታወሩት?» ስላት «ስለ ስፖንጅ» ትለኛለች። የትኛው ባል ነው ይሄን የሚያምነው? አንድ እሑድ ልብስ ልታሰጣ ደጅ እንደወጣች ስልኳ ሲጮህ፣ በመስኮቱ ሥር ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። አትፍረዱብኝ።

ስለ ስፖንጅ ነበር።

እንግዳ ውሃ ቢያፈስበት ሽፋኑ ይወልቅ እንደሆነ፣ ለእንጨት ርብራብ ስንት ጣት ውፍረት እንደሚበቃ፣ ስፖንጁ ከስንት ጊዜ በኋላ መገላበጥ እንዳለበት። «ይሄኛውን አልመክርህም፣ ያኛውን እንኳ እኔ ራሴ ካልተኛሁበት ምንም ልልህ አልችልም» ትለዋለች። ምን ያህል እንደተናደድኩ አልነግራችሁም። ስለ ፍቅር ቢያወሩ ኖሮ ቢያንስ የሚያዝንልኝ ሰው አገኝ ነበር።

ጋትዌች ባዘዘ በሳምንቱ የወይንሸት እህት ወለደችና ወይንሸት ልታርሳት ወደ አዲስ አበባ ሄደች። አየር ማረፊያ ሸኝቻት ስመለስ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እያፏጨሁ ነበር። ሃያ አራቱን ፍራሽ ያለ እሷ እሸጣለሁ። ስትመለስ ባዶ መጋዘን አሳያታለሁ። «ማን ሸጠው?» ትለኛለች፤ ዝም እላለሁ።

ስትሳፈር የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዝናቡ እንደ ጉድ ነው፤ የጭነት መኪናው ሸራ ያፈሳል። ዕቃው ሲደርስ አንድ በአንድ ፈትሸው።»

መኪናው ከካምፓላ በኒሙሌ ድንበር በኩል ሲመጣ ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ሁለት ቀን አደረ። እኛ ሰፈር ሲደርስ ሸራው ከኋላ ተተርትሯል። ከላይ ያሉት አስራ ስድስቱ ደህና ናቸው። ከታች፣ ውሃ ባቆረው የመኪናው ወለል ላይ የነበሩት ስምንቱ ግን ሲወርዱ ይንጠባጠቡ ነበር። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እያወጣሁ፣ ሲያስገመግም እያስገባሁ ፀሐይ አሞቅኳቸው። በሦስተኛው ቀን ላያቸው ደረቀ። እጄን በሽፋኑ ሥር ሰድጄ ጫን ስል ግን ከውስጥ ይቀዘቅዛል፤ አፍንጫዬን ሳስጠጋ ደግሞ የታጠበ ውሻ ይሸታል። አዲስ ፕላስቲክ ገዝቼ ሸፈንኳቸው። ሃያ አራቱም አንድ መልክ ያዙ። ይደርቃሉ፣ አልኩ ለራሴ። ለሌላ ሰው ማስታወቂያ ስሠራ ኖሬ አሁን ደግሞ ለራሴ ሠራሁ።

ወይንሸት በየቀኑ ትደውላለች።

«ዕቃው ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«ደህና ነው?»

«ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርኩ እኮ…»

በጁባ ኔትወርክ እንዳመካኘሁት ማንም አላመካኘም።

የርክክቡ ዕለት ጋትዌች በፒክአፕ፣ ከሁለት ጫኚዎች ጋር መጣ። እኔ ሸሚዜን ተኩሼ ነበር። ስለ ፍራሾቹ በሕይወቴ የማልደግመውን ንግግር አደረግሁ። ከጫኚዎቹ አንዱ ፍራሽ አንስቶ ራሱ ላይ አድርጓል፤ ከስምንቱ አንዱን።

«ሁሉም ደህና ናቸው?» አለኝ ጋትዌች።

«ሁሉም! አንድ እንከን የለባቸውም።»

ፈገግ አለ። «ካልተቀየምከኝ» ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ማን ጋ እንደሚደውል ገባችሁ አይደል? ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገው። ስለ አራሷ ጤንነት ጠየቀ፤ ስለ ሕፃኑ ስም ጠየቀ። እኔ ደንበኛዬንና ሚስቴን ቆሜ አዳምጣለሁ።

«እህቴ፣ ደምሴ ሁሉም ደህና ናቸው ይላል። ልጫን?»

ከወዲያ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይሰማል።

«እኔ ዕቃውን አላየሁትም» አለች በመጨረሻ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ግን ምን ትይኛለሽ?»

«ያየው ደምሴ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ደግመህ ጠይቀው፤ እኔ እየሰማሁ።»

ጋትዌች ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብላ፣ የሰው ልጅ አቅፋ፣ እዚህ ጉዴሌ መንገድ ላይ ሽያጬን ከእጄ ወሰደችው! ቀጥሎ የመጣብኝን ግን እስከ ዛሬም በቅጡ ልናገረው አልችልም። ዝናብ እንደነበር ታውቃለች። ኔትወርኩንም ታውቀዋለች፤ እኔንም ታውቀኛለች። «አትመነው» ብትለው በአንድ ቃል ያበቃ ነበር። አላለችም። ዝም ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ለደንበኛ ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ እሷ እስትንፋሷን ይዛ እየጠበቀችኝ ግን ዋሽቼ አላውቅም።

«ስምንቱን ዝናብ አግኝቷቸዋል» አልኩ። «ላያቸው ደርቋል። ውስጣቸውን አላምነውም።»

ጫኚው ራሱ ላይ ያለውን ፍራሽ ቀስ ብሎ አወረደና አሸተተው። ፊቱን አጨማደደ።

ስምንቱን አንድ በአንድ ለይቼ አወጣሁ። ጋትዌች አስራ ስድስቱን አስጫነ፤ የቀረውን በሚቀጥለው መኪና እንድናመጣለት ተስማማን። «እህቴ፣ ስምንቱ እርጥብ ናቸው አለኝ» አላት በስልኩ። «ሰማሁ» አለች። ከዚያ ጋትዌች ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እግዚአብሔር ይባርካት! እሷ ባትኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

የተናገርኩት እኔ! በገዛ አፌ! በሕይወቴ ከባዱን ዓረፍተ ነገር የተናገርኩት እኔ፣ የተባረከችው እሷ!

ስምንቱን ፍራሾች ቀድጄ፣ ስፖንጁን ለብቻው አድርቄ፣ የወንበር መቀመጫ አድርጌ ሸጥኳቸው፤ ምን እንደነበሩም እየተናገርኩ። ወይንሸት ተመልሳ ስትመጣ ስለዚያ ቀን አንድም ነገር አላነሳችም። እንድታመሰግነኝ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን እኔው አነሳሁት። «ምን ተሰማሽ?» አልኳት። «ፈራሁ» አለችኝ። «አትናገርም ብዬ ነበር።» አያችሁ አይደል፣ ደግ ቃል ስትጠይቋት የምትሰጠው እንዲህ ያለውን ነው።

የእንግዳ ማረፊያው የተመረቀው እሑድ ቀትር ላይ ነው፤ እኛም ተጠራን። ፓስተር ጸለዩ፣ ፍየል ታረደ፣ ወንበሩ ሁሉ ሞላ። ጋትዌች ተነስቶ በጁባ አረብኛም በእንግሊዝኛም እያፈራረቀ ንግግር አደረገ። ሲሚንቶ የሸጠለት እንደዋሸው፣ በር የሠራለት እንደዋሸው፣ ጉድጓድ የቆፈረለት ከሁሉም የባሰ እንደዋሸው አወራና ሰው በሳቅ ሞተ።

«እውነት የተነገረኝ ስለ አልጋዬ ብቻ ነው» አለ። «አንዲት ሀበሻ እህት አለችኝ። አዲስ አበባ ቁጭ ብላ እንኳ እርጥቡን ፍራሽ ከደረቁ ትለይልኛለች!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰው ሁሉ ወደ ወይንሸት ዞረ። እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ እስኪቃጠል። ውስጤ ምን እንደሚነድ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በዕድሜዬ አንዲት ቀን እውነት ብናገር እሷኑም ለሚስቴ ሰጡብኝ!

ጋትዌች ሌላ እንግዳ ሊቀበል ወደ በሩ ሲሄድ ወይንሸት ተነሳች። የማይገባትን ምስጋና ይዛ መቀመጥ አትችልማ።

«አመሰግናለሁ፤ ግን እኔ አይደለሁም» አለች። «እኔ ፍራሹን ጭራሽ አላየሁትም። እርጥብ ነው ብሎ የተናገረው ባሌ ነው። ደምሴ ነው» ብላ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች።

ሰው ሁሉ እኔን አየ። ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የፍቅር ሳቅ ነው። አንዲት አሮጊት ተነስተው አንገቷን አቀፏት። «ማማ ኩዌስ!» አሉ፤ እንዴት ያለች ጥሩ ሴት! ባሏን እንዴት ታከብረዋለች! ፓስተሩም ራሳቸውን እየነቀነቁ ትሕትና ማለት ይህ ነው አሉ።

«እውነቴን እኮ ነው!» አለች ወይንሸት። ሳቁ ባሰ። «የምሬን ነው!» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። አሮጊቷ ጉንጯን ሳሟት። አንድ ሰው ብድግ ብሎ ለሁለተኛ ጊዜ አስጨበጨበላት።

ወደ ቤት የተመለስነው በራክሻ ነበር፤ እኛ አገር ባጃጅ በምንለው። ራክሻው በጭቃው ላይ ያንገጫግጨናል፤ እሷ ውጭ ውጭውን ታያለች። እንባ ዓይኗ ላይ ቆሟል።

«ደምሴ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እውነቱን ነው የነገርኳቸው። አንድ ሰው እንኳ አላመነኝም።»

አፈርኩ፤ ደስ ስላለኝ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ የምታጽናና ቃል ፈለግሁ። እጇን ያዝኩና፣

«ይለመዳል» አልኳት።